የቡና ጠብታ በመስጂድ ምንጣፍ ላይ



የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ አንዲት ጀበና ናት። ነገሩ የሆነው ዲላ ከተማ ውስጥ በምናሰግድበት መስጂድ፣ ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን ነው። ጀመዓው በቴምርና በውኃ አፍጥሮ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ከተበላ በኋላ ቡና መጣ። እንደ ወትሮው ቢሆን ቡናው የሚጠጣው በረንዳ ላይ ነው። ያን ምሽት ግን ዝናቡ ከነነፋሱ ወረደና ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ረከቦቱም አብሮ ገባ። ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ቡናውን ወደምትቀዳው እናቱ ሲሮጥ ረከቦቱን በእግሩ መታው። ጀበናዋ ተገለበጠች። ቡናው ከነአተላው ጀመዓው አዋጥቶ በገዛው ቀይ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተቃጠለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ሁለት ስህተቶች ተሠሩ። አንዱ ወጣት እሳት ላይ የነበረውን የሻይ ውኃ አምጥቶ እድፉ ላይ ደፋበት፤ ሌላው የልብስ ሳሙና በብሩሽ እየቀባ ይፈትገው ገባ። መጀመሪያ የሰሃን ያህል የነበረው እድፍ ሲጨርሱ ትሪ አከለ። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛውን የሠሩት አንድ አዛውንት ናቸው፤ እናቲቱን በሰው ፊት፣ ልጅ ይዘሽ መስጂድ አትምጪ ብለው ጮኹባት። እኛም ዝም አልን። ተራዊህ ሊጀመር ነው፣ ነገር አናብዛ ብለን ነው ዝም ያልነው፤ ግን ኢማሙ ዝም ሲል የተናገረው ሰው ቃል የመስጂዱ ቃል ይሆናል። ሴትየዋ ልጇን በአንድ እጇ፣ ጀበናዋን በሌላው ይዛ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የዘገቡትን የገጠሩን ዐረብ ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ሰውየው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ገብቶ አንድ ጥግ ላይ ሸና። ሰሐቦች ሊነሡበት ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሏቸው፤ እስኪጨርስ እንዲተዉት አዘዙ፤ ከጨረሰ በኋላ አንድ ባልዲ ውኃ አስመጥተው ቦታው ላይ አስፈሰሱበት። ይህን ሐዲስ በጁምዓ ኹጥባ ስንት ጊዜ እንዳወሳነው አላህ ይወቀው። ሽንት ነጃሳ ነው፤ ቡና ነጃሳ አይደለም። ለነጃሳው ያን ያህል ርጋታ ከታየ፣ ለቡናው ያ ሁሉ ጩኸት ከየት መጣ ብለን ያን ሌሊት ራሳችንን ጠይቀናል።

በዚሁ ሐዲስ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ባልዲ ውኃውን ያዩ ወንድሞች ምንጣፍ ላይ የፈሰሰውን ሁሉ በባልዲ ውኃ ማጥለቅለቅ ሱና ይመስላቸዋል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ወለል አፈር ነበር፤ ውኃው ወደ ምድር ይሰርግ ነበር። የእኛ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ምንጣፍ። ባልዲው መሄጃ የለውም። ቡናውን ይዞ ወደ ስፖንጁ ይወርድና እዚያው ይቀመጣል። ምንጣፉን ማንሣት ካልተቻለ ጥቂት ውኃ አፍስሶ በጨርቅ መምጠጥ፣ ደግሞ አፍስሶ ደግሞ መምጠጥ ነው።

እኛ የምንኖረው በጌዴኦ ነው። ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ወናጎ፣ ገደብ ብለን ስንቆጥር የምንቆጥረው ወረዳ ብቻ ሳይሆን ቡናም ነው። በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና የሚያበቅለው የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ አገር ቡና ከኢፍጣር ይቅር ማለት አይቻልም፤ ማለትም አንፈልግም። ቡናና መስጂድም የቆየ ትውውቅ አላቸው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ቡና ይጠጡ ነበር። በ1511 እ.ኤ.አ ኻኢር በይ የተባለው የመካ ሹም ቡናን አስከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ግን ብዙ አልቆየም። እንግዲህ ቡናው ካልቀረ እድፉም አይቀርም። ማወቅ ያለብን አያያዙን ነው።

ስለ እድፉ ጠባይ ያስተማረን ሳሙና ሳይሆን ቀለም ነው። ልጅ ሆነን ቁርአን ስንቀራ በእንጨት ለውህ ላይ የምንጽፍበት ቀለም ከጥላሸት የተበጠበጠ ነበር። ትምህርቱን ስናደርስ ለውሁን በውኃ እናጥበዋለን፣ ጥርግ ብሎ ይለቃል፤ በማግስቱ አዲስ አንቀጽ እንጽፋለን። በኋላ ዐረብኛውን ስንማር የጥንት ጸሐፍት ሌላ ዓይነት ቀለም እንደነበራቸው ተረዳን። ዐፍስ የሚባለውን መራራ የዛፍ እባጭ ቀቅለው፣ ዛጅ የሚባለውን ብረት ያለበት ጨው ይጨምሩበታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠቁራሉ። ያ ቀለም በውኃ አይለቅም፤ ለዚህም ነው ኪታቦቹ ዘመን የተሻገሩት። በዐፍሱ ውስጥ ያለው የሚያኮማትር ነገር ታኒን ይባላል። የሻይም የቡናም እድፍ ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ቡና የነካውን ልብስ በዛገ ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይም ከዛገ በርሜል በተቀዳ ውኃ ማጠብ ቀለም እንደ መበጥበጥ ነው። እድፉ የሚጠቁረው ሳሙናው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ዝገቱ ስለደረሰበት ነው። የፕላስቲክ ሳፋና ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

የድፍን ሳሙናውም ነገር እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ለሁሉ ነገር ድፍኑን የልብስ ሳሙና ያነሣሉ፤ ለላብና ለአፈር ጥሩ ነው። የቡናና የሻይ እድፍ ግን ድፍን ሳሙና ሲቀባበት ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። ታኒን የሚፈራው አሲድን ነው፤ ማለትም አቼቶን ወይም ሎሚን። አቼቶን መስጂድ ውስጥ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ ብለው የጠየቁን ነበሩ፤ ከወይን መጠጥ ጋር አገናኝተውት ነው። ኮምጣጤ ሐላል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማባያ አድርገው እንዳመሰገኑትም ሙስሊም ዘግበውታል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

አሁን ወደ ምንጣፉ። ቡና በፈሰሰ ቅጽበት የሚያስፈልገው ማንኪያና ነጭ ጨርቅ ነው። በማንኪያው ጠርዝ አተላውን ወደ መሐል እየሰበሰቡ ማንሣት፤ ከዚያ ደረቁን ጨርቅ አጥፎ እድፉ ላይ አስቀምጦ መጫን። መፈተግ የለም። የፈተጉት እድፍ ወደ ጎን ይሰፋል፣ የምንጣፉም ጠጉር ይሻክርና ቢጸዳ እንኳ ቦታው ይለያል። በእጅ መዳፍ መጫን ያደክማል፤ በጨርቁ ላይ በንጹሕ እግር መቆም ይሻላል። ጨርቁ ሲጠጣ ይቀየራል። ነጭ ያልነው በምክንያት ነው፤ ባለቀለም ጨርቅ የራሱን ቀለም ለምንጣፉ ያወርሳል፣ በዚያ ላይ ምን ያህል ቡና እንደወጣ አያሳይም። አሮጌ ነጠላ ወይም የተቀደደ ነጭ ሽርጥ ለዚህ ሥራ ወደር የለውም።

ጨርቁ ቡና ማውጣት ሲያቆም ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ይረጫል፤ እንደገና ይጫናል። ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይደባለቃል። ይህን መጀመሪያ ምንጣፉ በማይታይበት ጥግ ላይ በጥቂቱ ሞክሩት፤ ነጩ ጨርቅ የምንጣፉን ቀለም ይዞ ከመጣ ተዉት። ካልያዘ በጨርቅ እየነከሩ ከእድፉ ዳር ወደ መሐሉ እየጫኑ መሄድ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ እየረጩ ሳሙናውን መልሶ መምጠጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያሳጥረው ይህንን ነው። ምንጣፍ ውስጥ የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ይጣበቃል፣ የእግር አቧራ ይሰበስባል፤ ከወር በኋላ ቦታው ይጠቁርና እድፉ ተመለሰ ይባላል።

እድፉ በእውነት የሚመለስበት መንገድም አለ። ማታ ለቀቀ ብለን የተደሰትንበት ቦታ ጠዋት ለሱብሕ ስንመጣ ቡናማ ሆኖ ጠበቀን። የመስጂዱ ጠባቂ ጂን ነው እንዴ ብሎ ቀለደ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በስፖንጁ ውስጥ የቀረው ቡና ውኃው ሲተን በጠጉሩ ላይ እየተሳበ ወደ ላይ ወጣ፣ ልክ ጋዝ በፋኖስ ክር እንደሚወጣ። መድኃኒቱ በመጨረሻው ዙር ወፍራም ደረቅ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ በላዩ ፌስታል አድርጎ፣ ከባድ ነገር ጭኖበት ማሳደር ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ቡና ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ክብደቱ ጡብ ወይም ውኃ የሞላው ጄሪካን ይሁን። አንዱ ደረሳችን በቅርብ ያገኛቸውን ኪታቦች ደርድሮ አገኘነው፤ ሐሳቡ ደግ ነበር፣ ኪታቦቹን ግን አነሣናቸው።

በማግስቱ የምንጣፉን ጠርዝ ማንሣት ከተቻለ ከሥሩ በርጩማ አስገብቶ መስኮት ከፍቶ ማድረቅ ነው። የዘንድሮው ረመዳን እንደ አምናው በበልጉ ዝናብ አካባቢ ስለዋለ ይህ ከባድ ነው፤ ግን እርጥቡን ምንጣፍ ሲሚንቶ ላይ መልሶ ማስተኛት ሻጋታ ይጠራል። በሱጁድ ግንባርና አፍንጫ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በጀመዓው ውስጥ አስም ያለበት ሰው አይጠፋም።

ቶሎ ያልተደረሰበት እድፍ ሦስት አራት ዙር ይፈልጋል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ምንጣፍ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገኘውን ሦስት ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥግ ላይ ሞክሮ መጠቀም ይቻላል፤ ቀለም የሚያፈዝ ስለሆነ እኛ በቀዩ ምንጣፍ ላይ አልደፈርንም።

በረኪናን ግን ደፍረው ነበር። ይህን የምንጽፈው በድንጋጤ ነው። በሰባተኛው ቀን ከዙሁር በኋላ ሁለት ወጣቶች እኛን ሊያስደስቱ ብለው፣ በረኪና ብቻውን ከሚያነጣ ከአቼቶ ጋር ቢሆን ይበረታል በሚል፣ በመስጂዱ ትንሿ ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ቀላቀሉ። በሩ ገርበብ ያለ ነበር። ሳል ሰምተን ስንደርስ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ አንደኛው ደረቱን ይዞ ነበር። ጎትተን አወጣናቸው፣ በሩንና መስኮቱን ከፈትን። ሳሉ ያልቆመለትን ወደ ሕክምና ወሰድነው፤ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 እ.ኤ.አ ቤልጅየም ውስጥ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ሎሚም አሲድ ነው፣ የሽንት ቤት ማጽጃውም ብዙ ጊዜ አሲድ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ቢሆን በረኪና ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ነጭ ልብስ በበረኪናና በሎሚ ዘፍዝፋችሁ የምታጥቡ እናቶችና እህቶች፣ በተለይ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ እባካችሁ ተዉት። ይህ የደረሰበት ጾመኛ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሕክምናው መድኃኒት መዋጥን ወይም ውኃ መጠጣትን ካስፈለገው ያፍጥር፣ ቀኑን በኋላ ይክፈል። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል።

በረኪና ብቻውንም ቢሆን ሱፍና ሐር ይበላል፣ ቢጫ ያደርጋል። ባለቀለም ሽቲ ላይ ካረፈ እድፉን ሳይሆን ሽቲውን ነው የሚያነሣው።

ከምንጣፍ ወደ ልብስ እንምጣ፤ ዒድ እየቀረበ ነው፣ በብዙ ቤት ለልጅ የተገዛው ነጭ ጀለቢያ አንድ ብቻ ነው። የልብስ ነገር ከምንጣፍ ይቀላል፣ ምክንያቱም ልብስ ይገለበጣል። የነካውን ቦታ ከውስጥ በኩል ገልብጦ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ውኃው እድፉን በመጣበት ይመልሰዋል። ከፊት ለፊት ካፈሰሱት ግን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ አቼቶ ወይም ሎሚ በውኃ አቅጥኖ ቀብቶ ጥቂት ማቆየት፣ ቀጥሎ በዱቄት ሳሙና ማጠብ። አንዳንድ እናቶች ለነጭ ጥጥ የፈላ ውኃ ከላይ ማፍሰስ ይሠራል ይላሉ። ቡናው ወይም ሻይው ወተት የሌለው ከሆነ እውነት አላቸው።

ወተት ያለበት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወተት ጠጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ምክንያቱም ስቡ እንደሆነ ገለጹ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያ ስብ ልብስም ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሙቅ ውኃ ሲነካው እንደ እንቁላል ይረጋና ከክሩ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ለሱሑር የተቀዳ ሻይ በወተት ወይም ማኪያቶ ከፈሰሰ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ ለስቡ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ መጨረሻ ላይ ለቡናው አቼቶ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳንና የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም አንድ ሰሞን እየዋሉ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልጆቻቸው በጾም ወተት ስለማይነኩ በዚህ ሰሞን እጥበቱ እንደሚቀላቸው ነግረውን ሳቅን።

አቮካዶ ሌላ ነው። በእኛ አካባቢ አቮካዶ እንደ ልብ ስለሚገኝ የአቮካዶ ጁስ የሌለበት ኢፍጣር ጥቂት ነው። አረንጓዴው ሲደርስ ምንም አይመስልም፣ ሲያድር ግን ይቡናማል፤ ቅባትም አለው። በማንኪያ ፍቆ ማንሣት፣ ፈሳሽ ሳሙና መቀባት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ የቀረውን በአቼቶ። አብሽም እንዲሁ ከመታጠቡ በፊት ይፋቅ፤ ዝልግልግ ስለሆነ ውኃ ቀድሞ ከነካው ይበልጥ ይሰፋል።

ሰዎችን የሚያታልለው ግን የማይታየው እድፍ ነው። ባለፈው ዓመት የዒድ ዋዜማ በቤታችን የልጃችን ጀለቢያ ሲተኮስ ደረቱ ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቢጫ ካርታ ብቅ አለ። ልጁ ምንም አልነካኝም ብሎ ማለ። ሲታሰብ ከሁለት ሳምንት በፊት ነጭ ለስላሳ መጠጥ ደፍቶበት፣ ደረቀ ተብሎ ተሰቅሎ ነበር። ስኳር ሲደርቅ አይታይም፤ ካውያ ሲያርፍበት ግን ድስት ውስጥ እንደሚያር ስኳር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማስለቀቅ በጣም ያስቸግራል። ውኃ የመሰለ መጠጥም ቢሆን፣ ስኳር ካለበት ያው ዕለት በውኃ ይለቅለቅ። እድፍ መልቀቁ ሳይረጋገጥ ልብስ አይተኮስ፤ በማሽን ለሚያደርቅም ያው ነው። ለዚህ ዒድ የተቀመጡትን ልብሶች ዛሬውኑ በብርሃን ገልጣችሁ እዩ።

አንዲት የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ረመዳን መጥታ ጠየቀችን። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ከቀመሰችው ሻይ ጥቂቱ ቀሚሷ ላይ ተደፍቶባት፣ ልብስ እስክትቀይር ብላ ዐስርን አዘግይታ ወደ መግሪብ ተጠግቶ ሰገደች። ልጄ፣ አልናት፣ ሻይ ጧሂር ነው፤ በዚያው ቀሚስ መስገድ ትችዪ ነበር። እድፍና ነጃሳ አንድ አይደሉም። በሱረቱል ሙደሲር አራተኛው አንቀጽ ልብስን ስለማጽዳት የመጣው ትእዛዝ ትልቅ ነው፣ ለሰላት አምሮ መቆምም የተወደደ ነው፤ ሆኖም በቡና ነጠብጣብ ምክንያት ሰላት ከወቅቱ አይወጣም። ይህን የማያውቁ እንደ እርሷ ያሉ ስንቶች እንዳሉ ማሰብ ያስጨንቃል።

የሚያሰክር መጠጥ ሲሆን አብዛኞቹ ዑለማ ነጃሳ ነው ብለዋል። ተከራይተው የገቡበት ቤት ምንጣፍ ላይ ቢራ ወይም ጠጅ የፈሰሰበት ካለ ወይም ያገለገለ ምንጣፍ ከገዛችሁ፣ ቦታውን ጣዕሙ፣ ሽታውና ቀለሙ እስኪሄድ በውኃ ማጠብ ነው። ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ብቻ አልለቅ ቢል ይቅር ተብሏል። ኸውላ ቢንት የሳር (ረ.ዐ) ልብሷ አንድ ብቻ እንደሆነና የደሙ ምልክት እንደማይለቅ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግራቸው፣ ውኃው እንደሚበቃትና ምልክቱ እንደማይጎዳት ነግረዋታል፤ አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። ለደም ይህ ከተባለ፣ ለታጠበ ልብስ መጨነቁን እንተወው።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። በስምንተኛው ቀን ከኮሚቴው አንድ ሰውና አዛውንቱን ራሳቸውን ይዘን ከዐስር በኋላ ወደ ቤቷ ሄድን። አዛውንቱ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የጠየቀችን፣ «ሸኻችን፣ እድፉ ለቀቀ?» ብላ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያሰበችው ይህንን ነበር። ምንጣፉን ለማሳጠብ ከባሏ ጋር ገንዘብ እያጠራቀሙ እንደሆነም ሰማን። ልጁ ከበሩ ጀርባ ነበር።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂዱን የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ሞታ ተቀበረች፤ ሰዎች ጉዳዩን ትንሽ ነገር አድርገው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይነግሯቸው ቀሩ። እርሳቸው ግን የት እንዳለች ጠየቁ፣ ሲነገራቸው መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። ቡኻሪና ሙስሊም ያቆዩልንን ይህን ታሪክ ያን ቀን በር ላይ ቆመን አላነሣነውም፤ ስብከት ይሆንብናል ብለን ነው። ይቅርታ ብቻ ጠየቅን፤ መጀመሪያ እኛ፣ ስለ ዝምታችን፤ ቀጥሎ አዛውንቱ። «ልጄ፣ ጾሙ አናዶኝ ነው» አሉ። እርሷም፣ «አባባ፣ እኔም ልጄን መያዝ ነበረብኝ» አለቻቸው። ገንዘቡን ለዒድ ልብስ እንድታውለው ነገርናት።

አንድ ነገር ግን ጠየቀችን። ቡናውን ማፍላት አይከብደኝም፣ አለች፤ ሲፈስ ግን የሚጮኸው ወንዱ፣ የሚያጥበው ሴቱ መሆኑ ይቅር። ልክ ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ከዙሁር በኋላ ወንዶቹን ሰብስበን፣ አሮጌ ምንጣፍ ላይ ቡና ደፍተን፣ መጫንን አሳየናቸው። አንዳንዱ ሳቀ። ሁለቱ በረኪና የቀላቀሉት ወጣቶች ከሁሉ ቀድመው ለመዱ።

አሁን ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ አንድ ቅርጫት አለ፤ ነጭ ጨርቆች፣ ሁለት ማንኪያ፣ የውኃ ጠርሙስና የአቼቶ ጠርሙስ አለበት። በረኪናው ከዚያ ርቆ በሌላ ቁልፍ ነው። ረከቦቱ ዝናብ ሲጥል ወደ ውስጥ ቢገባም በበሩ በኩል በተነጠፈ ሸራ ላይ ይቀመጣል። እናቲቱ መምጣት ጀምራለች፤ ልጁም። ከእድፉ የቀረችው በሦስተኛው ሰፍ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ጥላ ናት፤ ሦስት ጊዜ ሞከርናት፣ ለአራተኛው ዙር ከዒድ በኋላ ቀጠሮ ይዘንላታል።